አባቴ ኮዱን አልሰጥም ያለበት ቀን

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። የሚያስቀው ደግሞ ሥራዬ ማስረዳት መሆኑ ነው። ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች አንድ ነገር ሠርተው ሲጨርሱ፣ ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት የምጽፈው እኔ ነኝ። «ይህን ይጫኑ፣ ቀጥሎ ያንን ይጫኑ፣ ካልሠራ ወደ ኋላ ይመለሱ» የሚለው ሁሉ ከእጄ ነው የሚወጣው። እናንተ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብባችሁ አታውቁም። አውቃለሁ፣ ማንም አያነብም። አልቀየማችሁም።

ከዚህ በፊት ፋርማሲስት ነበርኩ። ተምሬ ተመርቄ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቼ አንድ ቀን ተውኩት። ለአባቴ ስነግረው መነጽሩን አወለቀና «እሺ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አባቴን የማያውቅ ሰው «እሺ» ማለት መስማማት ይመስለዋል። አቶ ማቴዎስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሣ ጥያቄ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። መኪናዬ ተሰረቀ፣ መጋዘኔ ተቃጠለ የሚል ሁሉ ፊቱ ሲቀርብ «እሺ» ይል ነበር። እኔን ሲለኝ የገባኝ ግን በሩን እንደዘጋብኝ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ እሱ አይጠይቅም፣ እኔ አልናገርም። በበዓል ሰሚት ቤታቸው እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፣ እመለሳለሁ። የቀረውን ወሬያችንን ከወዲያ ወዲህ የምታመላልሰው እናቴ ነበረች። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲሆን ደግሞ እሷ አራስ የእህቷን ልጅ ልትጠይቅ ሆሳዕና ሄዳለች።

ቢሮአችን ወሎ ሰፈር ነው። ከታች ጋራዥ አለ፤ እነሱ ብረት ሲቀጠቅጡ እኛ ከላይ ኮምፒውተር እንቀጠቅጣለን። በዚያ ሰሞን ደንበኛችን ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ ድርጅት ነበር። ልጆቹ ለሾፌሮቹ አፕ ሠሩላቸው። ሾፌሩ በሩ ላይ ሲቆም «ደርሻለሁ» የሚለውን ይነካል፤ ወዲያው ለተቀባዩ ስልክ የኮድ ቁጥር ይላካል። ተቀባዩ ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ሾፌሩ ያስገባና «ተጠናቋል» የምትል አረንጓዴ በተን ይጫናል። አለቀ ማለት ነው። የኔ ድርሻ ስለዚህች አረንጓዴ በተን መጻፍ ነበር።

ጽፌ ለአለቃዬ ለሊያ ላክሁላት። ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ቆመች።

«ጽሑፉ ጥሩ ነው። ፎቶዎቹ ግን የውሸት ናቸው» አለችኝ። «የተቀባዩ ስልክ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ዜሮ ነው እኮ። ሾፌሮቹ ይስቁብናል። አንድ እውነተኛ ዕቃ ከዚህ እስከ ሰው ቤት ላኪና ስክሪኑን በየደረጃው ፎቶ አንሺ። ሰኞ ሥራ ይጀምሩበታል።»

«የማን ቤት ልላክ?»

«የደንበኛ ስም እንዳይሆን እንጂ የፈለግሽው ሰው። ዘመድ የለሽም?»

እጄ የአባቴን አድራሻ ጻፈ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ጡረተኛ ነው፣ ሁልጊዜ ቤት አለ፣ አድራሻውንም በቃሌ አውቀዋለሁ የሚል ነበር። ሌላ ምክንያት ይኖር እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። በቤታችን መጠየቅ አልተለመደም።

ካርቶኑ ባዶ እንዳይሆን ከቢሮው ጓዳ የታሸጉ የውሃ ጠርሙሶች አምጥቼ ደረደርኩበትና በፕላስተር አሸግኩት። አፑ የላኪ ስም ካልተሞላለት አያሳልፍም፤ የራሴን ሞላሁ። ስለ ካርቶኑ ክብደት አሰብኩ። ስለ ስክሪኑ ብርሃን እንኳ አሰብኩ። አባቴ ካርቶኑን እንደሚከፍተው ግን ለአፍታም ትዝ አላለኝም።

አፑን ቀድሞ እንዲሞክር የተመደበው ሾፌር ሃፍቶም ይባላል። ሲቀልድ ፊቱ የማይለወጥ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከዕለቱ ጭነቱ ጋር ካርቶኔን ነጭ ሚኒቫኑ ውስጥ ጫነ፤ እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከቦሌ ስንወጣ መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር መመሪያውን እንዲያይልኝ ሰጠሁት።

«ስንት ገጽ ነው?» አለኝ።

«አሥራ አንድ።»

«ስለዚህች በተን ብቻ?»

«ስለሷ ብቻ።»

አውራ ጣቱን አንሥቶ አየው። «እስከ ዛሬ በዚህ ነበር የምጫናት። ሌላ ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው።»

ትንሽ አነበበ። «‹አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫኑ› ይላል። የመኪናዬ ቁልፍ ጥቁር ነው።»

«ቁልፍ ማለት በተን ነው።»

«ታዲያ በተን አትይም?»

«አማርኛ እንዲሆን ነዋ።»

«እኛ በተን ስንል አማርኛ መስሎን ነበር» አለና ወረቀቱን መለሰልኝ።

ሰሚት ኮንዶሚኒየሙ ጋ ስንደርስ መኪናውን አቆመ። እኔ ቀበቶዬን እንኳ አልፈታሁም።

«አትወጪም?» አለኝ።

«እኔ የለሁም ብለህ አስብ። ላኪ በሌለበት ነው ሥራው የሚሠራው። ፎቶዎቹን አንተ አንሣልኝ።»

ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አነበበ፤ ከዚያ ላኪ የሚለውን አነበበ። «አባትሽ ናቸው አይደል?»

«ናቸው።»

«እና መኪና ውስጥ ትቀሪያለሽ።»

«ለሥራው ሲባል ነው።»

ካርቶኑን ተሸክሞ ወደ ደረጃው ሄደ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ላፕቶፔን ከፍቼ አፑን መከታተል ጀመርኩ። «መንገድ ላይ» የሚለው ወደ «ደርሷል» ተቀየረ። ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ቆየ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ኔትወርክ ነው እላለሁ። አሁን ግን ኔትወርክ አለመሆኑ ገባኝ።

ሃፍቶም ባዶ እጁን ወርዶ መሪው ፊት ተቀመጠ።

«ተቀበሉት?» አልኩት።

«ተቀበሉት።»

«ኮዱስ?»

«አልሰጡኝም። ‹ምን እንደሆነ ሳላይ ተረክቤያለሁ አልልም› አሉ። ካርቶኑን ይዘው ገቡና ‹ታች ጠብቀኝ፣ አይቼ እጠራሃለሁ› ብለው በሩን ዘጉ።»

ያኔ ነው ጠርሙሶቹ ትዝ ያሉኝ።

«ሃፍቶም፣ ተመልሰህ አምጣው።»

«ምኑን?»

«ካርቶኑን። ስህተት ነው በላቸው።»

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«የምን ውሃ?»

«የታሸገ ውሃ። ለክብደት ነው።»

ፊቱ የማይለወጠው ሰው ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። «ለአባትሽ» አለ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ «መኪና ውስጥ ተደብቀሽ ውሃ ላክሽላቸው።»

ስልኬ ጠራ። ስክሪኑ ላይ «አባዬ» ይላል። ሃፍቶም አየው፣ እኔን አየኝ። «አንሺው እንጂ።»

«ሄሎ አባዬ።»

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ።»

«ሥራሽ የት ነው?»

«ዛሬ… ሰሚት ነው።»

«ሰሚት የት?»

አባቴ የሚጠይቀው መልሱን ሲያውቅ ነው። ቀና ስል ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፣ የሚያየው እኛን ነው።

«ታች ነኝ» አልኩት።

«ነጯ መኪና ውስጥ።»

«አዎ፣ ነጯ መኪና ውስጥ።»

«ሰው አባቱ ደጃፍ መኪና ውስጥ ይቀመጣል?» ድምፁ አልተቆጣም፤ ለማወቅ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። «ኮዱን የምሰጠው ለላኪዋ ነው። ትውጣ።» ዘጋው።

ሃፍቶም የኔን ቀበቶ ፈታልኝ። «ቶሎ በይ» አለኝ። «አንዱ ሳይዘጋ አፑ ሌላውን አይከፍትልኝም። ከኋላ የጫንኩት ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ጄሪካኖች ነው። ሁሉም ባዶ ናቸው፤ ክዳናቸው ተከፍቷል። አባቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ካርቶኑን በጥንቃቄ ከፍቶ፣ ጠርሙሶቹን አውጥቶ አሰልፏቸዋል። አንዱን ከፍቶ ግማሹን ጠጥቶታል።

«ውሃ እንደጠፋ ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ዞሬ ጄሪካኖቹን አየሁ።

«ለእናትሽ አልነገርኳትም። ብትሰማ አራሷን ጥላ ትመጣለች ብዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ከየት ሰማሽ?»

እንደዚያን ቀን አባቴን አይቼው አላውቅም። አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ በስስት ያየኛል። ያን ሁሉ ሰው «ማስረጃህ የታለ?» ሲል የኖረ ሰው፣ ልጄ ውሃ መጥፋቱን ሰምታ አሰበችልኝ ብሎ ያለ አንዳች ማስረጃ አምኗል።

«ከጎረቤት ሰማሁ» ብል ያልቅ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ከየትኛው ጎረቤት?» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ጎረቤቱን ጠርቶ ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር ከፍርሃቱ ይልቅ ያ አስተያየቱ ነው መዋሸት የከለከለኝ።

«ማንም አልነገረኝም አባዬ። ለክብደት ነው።»

«ለምን?»

«ለክብደት። ካርቶኑ ባዶ እንዳይሆን። የአፕ ሙከራ ነው።»

ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ክዳኑን አነሣና መልሶ ገጠመው።

«አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤት አለ» አለ። «ለምን ወደዚህ?»

«አድራሻውን በቃሌ ስለማውቀው።»

«በቃልሽ ካወቅሽው ለምን አልመጣሽም?»

«ተቆጥተሃል ብዬ ነው» አልኩት። «ሥራ ለቀቅኩ ስልህ ‹እሺ› ብለህ ዝም አልከኝ።»

«እሺ ስልሽ ቁጣ ነው?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቀጥይ ማለት ነው» አለ፣ እውነትም ግራ ገብቶት። «ሰው ቤቴ ተቃጠለ ብሎ ሲመጣ እሺ እለዋለሁ። እንዴት እንደተቃጠለ ይነግረኛል። አንቺ እሺ ስልሽ ተነሥተሽ ሄድሽ። ቆይታ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ስቆጣ እሺ አልልም። ስቆጣ ‹ጥሩ› ነው የምለው። እናትሽን ጠይቂያት።»

ሳቄ መጣ፤ ግን አብሮት እንባም ስለመጣ የትኛውን እንደማስቀድም ጠፋኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሊሰማው ሲጠብቅ የነበረውን ነገር ነገርኩት። አንዲት እናት የልጇን የጆሮ ጠብታ ይዛ መጥታ «በማንኪያ ነው የምሰጠው?» ብላ እንደጠየቀችኝ፤ የጠብታው ማሸጊያ ጽሑፍ በማታውቀው ቋንቋ ስለነበር ቁጭ ብዬ በትልልቅ ፊደል እንደጻፍኩላት፣ ጆሮም እንደሳልኩላት፤ በሌላ ቀን ጎረቤቷን ይዛ መጥታ «ለሷም ጻፊላት» እንዳለችኝ። ሰልፉ ረዘመ ብለው አለቆቼ ተቆጡኝ። ሰልፉ መርዘሙ እውነት ነው። እኔ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ያቺን ወረቀት መጻፍ እንደምወድ ያኔ አወቅኩ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ አዳመጠኝ። «ጆሮ መሳል ትችያለሽ?» አለ።

«አልችልም። እሷ ግን ገብቷታል።»

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝም።»

«እሺ ብዬሽ ነበር እኮ።»

በሩ ተንኳኳ። ሃፍቶም ነው፤ አንገቱን ብቻ አስገብቷል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮዱን ቢሰጡኝ። ደንበኞች እየደወሉ ነው።»

«ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ። ሻይ እየመጣ ነው» አለው አባቴ። ጠርሙሶቹን ይዞ ተነሣና በላክሁለት ውሃ ሻይ ጣደ። ከጓዳ ተመልሶ ሲመጣ «ጽሑፉ የታለ?» አለኝ።

«የምን ጽሑፍ?»

«የምትጽፊው። አሳዪኝ።»

አሥራ አንዱን ገጽ ሰጠሁት። እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ሃፍቶም ስልኩን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ሻዩን ጠጣ።

«ገጽ አራት» አለ አባቴ። «‹ተቀባዩ ኮዱን ይነግርዎታል።› ካልነገረስ?»

«ይነግረዋላ።»

«እኔ ነገርኩት?»

ሃፍቶም «አልነገሩኝም» ሲል መሰከረ።

«‹ተጠናቋል› የሚለውስ ማነው? ሰጪው ነው ተቀባዩ?»

«ሾፌሩ ነው የሚጫነው፤ ግን ተቀባዩ ሲስማማ ነው።»

«እንግዲያው እሱን ጻፊዋ። ሰው ዕቃውን ወስዶ ገና ሳያየው ምን እንደሚደረግ የት ተጻፈ? እኔ ያለሁበት ቦታ የት ነው እዚህ ውስጥ?»

አሥራ አንዱንም ገጽ አገላበጥኩ። አባቴ የትም የለም።

ላፕቶፔን ከፈትኩና ሦስታችንም እንጽፍ ጀመር። አባቴ መጀመሪያ ያስጻፈኝ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ተቀባዩ ወገን ንብረቱን በይዞታው ሥር ካደረገ በኋላ ማረጋገጫውን ለመስጠት ፈቃደኛ ሆኖ ሳይገኝ የቀረ እንደሆነ…»

«ጋሼ» አለው ሃፍቶም በትሕትና፣ «ይህን አንብቤ እስክጨርስ ሰውየው ቤት ይቀይራል።»

አባቴ ቅር አለው፤ ግን ሰረዘው። ተከራክረን ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው፦ «ተቀባዩ ዕቃውን ወስዶ ኮዱን ካልነገረዎ ከፍቶ እስኪያይ ይጠብቁ። ጥያቄ ካለው ከላኪው ጋር ያገናኙት። እስከዚያው ‹ተጠናቋል› አይበሉ።» ቁልፍ ይባል በተን በሚለው ደግሞ አባቴ ለቁልፍ፣ ሃፍቶም ለበተን ቆመው ሻያቸው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ «አረንጓዴው ላይ ይጫኑ» ብዬ ገላገልኳቸው።

አባቴ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ይዞ ኮዱን ቁጥር በቁጥር አነበበ። ሃፍቶም አስገባ፣ አረንጓዴው ላይ ተጫነ፣ ቀጣዩ አድራሻ ወዲያው ተከፈተለት። «ተመስገን» ብሎ ተነሥቶ በሩ ላይ ደረሰ።

«ፎቶውስ?» አልኩት።

«የቱ ፎቶ?»

«የመጨረሻው ስክሪን። ‹ተጠናቋል› የሚለው።»

ስልኩን አየው። ስክሪኑ አልፏል። ቀኑን ሙሉ የተለፋበት ፎቶ ሦስት ሰው አፍጥጦ እያየው ሳይነሣ ቀረ።

«ምን ይደረጋል ታዲያ?» አለ አባቴ።

«ነገ እንደገና መላክ አለብኝ።»

ባዶውን ካርቶን አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ራስሽ ይዘሽው ነይ፤ ይህን ልጅ ሥራ አታስፈቺው።»

«ምን ላድርግበት?»

ኮሪደሩን አየት አደረገ። «ለክብደት ከሆነ» አለ፣ «ውሃው ተስማምቶኛል።»

በማግስቱ መሸከም የምችለውን ያህል ውሃ ይዤ አራት ፎቅ ወጣሁ። ፎቶውን አነሣሁ። መመሪያው ሰኞ ደረሰ፤ ሾፌሮቹ ያንን ክፍል «የጋሼ ማቴዎስ ገጽ» እንደሚሉት ሃፍቶም ነግሮኛል። ከመመሪያው ውስጥ የሚያነቡት እሱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እናንተ ሰዎች፣ እንዲህ ያለው ነገር ሕይወት ይቀይራል ወይ ብትሉኝ የኔን ቀይሯል። አባቴ በአንዲት ቃል በሩን ዘጋብኝ ብዬ ያን ያህል ጊዜ ስኖር በሩ ክፍት ነበር፤ ቃሉን በራሴ መዝገበ ቃላት ፈትቼ ነው ተነሥቼ የሄድኩት። በየቤታችሁ አጠር አድርጎ የሚናገር ሰው አይጠፋም። «ይሁን»፣ «ጥሩ»፣ «እንዳልሽ» የሚል። ምን ማለቱ እንደሆነ ከመገመት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። የኔ ሙያ ሰው እንዳይገምት መጻፍ ሆኖ ሳለ ይህን ለመማር ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት ነበረብኝ።

አሁን ምንም ነገር ስጽፍ መጀመሪያ የሚያነበው አባቴ ነው። «ካልሆነስ?» የምትል ቃል በየገጹ ዳር ይጽፍልኛል። ይባስ ብሎ የሌሎች ሰዎችንም ማንበብ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሳለሁ ደወለ። እናቴ የገዛችውን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይገባው ቀርቷል።

«ይህን የጻፈው ልጅ» አለኝ በጣም አዝኖ፣ «አባት የለውም መሰለኝ።»